46 ካመጣሁ በኋላ፦ የእንግሊዝኛ መውጫ ፈተና ዝግጅቴ እስካሁን

ትናንት ማታ አሥር የግጥም ጥያቄ ሠርቼ ዘጠኙን አገኘሁ። ለብዙዎቻችሁ ይህ ወሬ አይደለም። እኔ ግን ከአልጋዬ ተነስቼ ባለችኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስቴ ዞርኩ። ባለፈው ዙር ስለ ስንኝ ምት የሚጠይቅ ነገር ሲመጣብኝ የማውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር፦ «ሲ»ን መርጦ ማለፍ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። በማታው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ኮርሶቹን ጨርሻለሁ። የቀረኝ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ማለፊያው 50 ነው። እኔ 46 አመጣሁ።

30 አምጥቼ ቢሆን ቁርጤን አውቄ ዝም እል ነበር። 46 ግን ያንገበግባል። ውጤቱን ያየሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አንድ ደንበኛ ሃምሳ ገጽ ሰጥቶኝ ነበር። ስልኬን አየሁ፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ የሰውየውን ወረቀት በጀርባው አስገብቼ ሃምሳ ባዶ ገጽ ኮፒ አደረግኩ። የወረቀቱ ሒሳብ ከደሞዜ ተቆረጠ። ስለዚህ ያ ፈተና በሁለት በኩል ነው ያስከፈለኝ።

የመጀመሪያውን ዙር ዝግጅት በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያኮራ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁትን ፒዲኤፍ በሙሉ አወረድኩ። ስልኬ ሞላ። ከዚያ አራት ባለ ቀለም ማርከር ገዛሁ። ቢጫው ለትርጉም፣ ሮዙ ለምሳሌ፣ አረንጓዴው ለደራሲ ስም። ሰማያዊውን ለምን እንደገዛሁት እስካሁን አላውቅም። ሃንድአውቶቼ የሠርግ አዳራሽ መሰሉ። ሁለት ወር ሙሉ ቀለም ስቀባ ከረምኩ። አንድም ቀን ሰዓት ይዤ ጥያቄ አልሠራሁም።

ስለ ሹምደዳም ያለኝን ልናገርና ልገላገል። ትርጉም መሸምደድ ለዚህ ፈተና አይረባም። ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ) ምን እንደሆነ በሦስት ቋንቋ ብትነግሩት ፈተናው ግድ የለውም። አንድ ስንኝ ያስቀምጥና «ይሄ የትኛው ነው?» ይላችኋል። እዚያ ጋ ነው የሸመደደ ሰው የሚደርቀው። እኔ ደርቄ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛውን ዙር የጀመርኩት በአንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ጥያቄ ተሳስቼ ሳገኝ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ምን መረጥኩ፣ ለምን መረጥኩ፣ መልሱ ምን ነበር። ሁሉም ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይጽፋል። መሃሉን ግን የሚጽፈው የለም፤ ምክንያቱም ያሳፍራል። «ለምን መረጥኩ» ሥር ከጻፍኳቸው ውስጥ «ረጅም ስለሆነ መልስ መሰለኝ» የሚል አለ። «ጓደኛዬ እሱን ስትመርጥ አይቼ» የሚልም አለ። እውነቱን ካልጻፋችሁ ደብተሩን ባትጀምሩት ይሻላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን መለስ ብዬ ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። በቋንቋው ክፍል የቃል ስትረስ፣ በሥነ ጽሑፉ ክፍል ሚተር፣ ማለትም የስንኝ ምት። በእነዚህ ሁለቱ ያልተሳሳትኩበት ገጽ የለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዋናው ይጠብቃል፣ አይላላም። ካላላችሁት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው የምትገቡት። ይህን ቀልድ ያለ ምክንያት አላመጣሁትም።

ስትረስ ሲባል ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ክፍለ ቃል ያለው ቃል አንዱ ክፍሉ ላይ ጫና ያርፍበታል። ያ ክፍል ረዘም፣ ጮክ፣ ከፍ ብሎ ይሰማል። «ሪከርድ» ስም ሲሆን ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው። ግሥ ሲሆን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ጽሑፉ ግን ያው ነው፤ ምንም ምልክት የለውም። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። አንባቢ በምን ሊያውቅ ነው? ምን ዓይነት ግፍ ነው?

ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አንዲት ልጅ «ገና ገና ነው እኮ» ስትል ሰማሁ። የበዓል ማስታወቂያ ልታባዛ መጥታ ነው። ቆም አልኩ። ይህንን ጻፉትና አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ ስጡት። የትኛው ገና በዓሉ፣ የትኛው ገና «ቀን ይቀረዋል» እንደሆነ ከፊደሉ አያገኘውም። አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ እኛ ግን አንጽፈውም። «አለ»ም እንደዚያው ነው። ዕድሜ ልካችንን ያልተጻፈ ነገር እያነበብን አንድም ቀን አልተቸገርንም። እነሱም ጫናውን አይጽፉትም፣ በቃ። ንዴቴ ያኔ በረደልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትረስን በደብተሬ ላይ «ጫና» ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀጥሎ የሠራሁት ነገር መምህራንን ሊያስቆጣ ይችላል። የእንግሊዝኛ ቃል አነባበብን በፊደላችን ጻፍኩ። አትጻፉ ይባላል፤ ፈተናውም የድምፅ ምልክቶቹን ነው የሚፈልገው፤ ልክ ነው። ግን የእኛ ፊደል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ግዕዝ የምንለው የመጀመሪያው ረድፍ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ተ እያለ የሚሄደው፣ እንግሊዝኛ ውስጥ በብዛት ለሚሰማው ለዚያ ደካማ አናባቢ በጣም ይቀርባል። ቁርጥ አንድ አይደለም፣ ግን ይቀርባል።

ከሥራዬ ቃል ልስጣችሁ። ፎውተግራፍ። ፈቶግረፈር። ፎውተግራፊክ። ፎቶው፣ አንሺው፣ ከዚያ ቅጽሉ። በመጀመሪያው ጫናው «ፎው» ላይ ነው። በሁለተኛው «ቶ» ላይ። በሦስተኛው «ግራ» ላይ። አሁን «ፎው»ን ተመልከቱት። ጫናው ሲለቀው «ፈ» ሆኖ ይደክማል። «ቶ»ም ጫናው ሲሄድበት «ተ» ይሆናል። ያ የደከመው ድምፅ ነው ሽዋ የሚባለው። እኔ «ሸዋ» ብዬ ነው የያዝኩት። ሸዋ ጫና አይወድም። እንዲህ ካላችሁት አይረሳም። የሸዋ ሰዎች አትቀየሙኝ፤ እኔም ከዚያው ነኝ።

ከደንቦቹ ጥቂቱ ይበቃል። ቃሉ በ«ሽን»፣ በ«ኢክ» ወይም በ«ኢቲ» ካለቀ ጫናው ከማለቂያው በፊት ያለው ክፍል ላይ ይወድቃል። ኤጁኬሽን ሲባል «ኬ»፣ ኢኮኖሚክ ሲባል «ኖ»፣ ዩኒቨርሲቲ ሲባል «ቨር»። ስምና ግሥ የሚጋሩት ባለ ሁለት ክፍል ቃል ብዙ ጊዜ ስሙ ፊት ለፊት፣ ግሡ ኋላ ይጫናል። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት። አንሰር፣ ቪዚት፣ ፕሮሚስ ስምም ሆኑ ግሥ ጫናቸው መጀመሪያው ላይ ነው። በእነዚህ ሦስቱ ተበልቻለሁ። ደንቡን አምኜ እንጂ ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ይሄ ሁሉ የቋንቋው ክፍል ነው። ሚተር ሌላ ሃንድአውት ውስጥ ነበር፤ በሌላ ማርከር የተቀለመ። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ለማየት አራት ወር ፈጀብኝ። አራት ወር! ሚተር ማለት ያው ጫና ተሰልፎ ሲሄድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ያደናቀፈኝ አማርኛዬ ነው። እኛ ግጥም ስንለካ ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል ነው የምንቆጥረው። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስድስት ስድስት ይሄዳል። እስኪ ይቺን የእኔን ተመልከቱ፤ ግጥምነቷን ሳይሆን ልኳን፦

የቱሉ ዲምቱ ሰው ባስ የሚጠብቀው
ሲነጋ ነው እንጂ ማታማ የት አለው

ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። አናባቢውን የዋጠ ሳድስ አይቆጠርም፤ «ዲም» አንድ ቀለም ነው። ሰንጎ መገን ከሆነ ደግሞ አምስት አምስት። ጆሮዬ የለመደው ይህንን ነው። ስለዚህ አያምቢክ ፔንታሚተር የሚባለው የእንግሊዝኛ ስንኝ አሥር ክፍለ ቃል አለው ሲሉኝ «አሃ፣ ሰንጎ መገን!» ብዬ አምስት ቦታ ላይ ቆርጬ ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥሩ ልክ መጣ። ምቱ ግን ገደል ገባ። ቁጥሩ ልክ ስለሚመጣ ደግሞ መሳሳቴን እንኳ አላወቅኩም።

ለመለማመጃ ራሴ የሠራኋት ስንኝ ይህቺ ናት። ትርጉሟ «አውቶቡሱ መጥቶ ዛሬ ማታ ቤታችን ያደርሰናል» ነው። ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ የተስፋ ግጥም መሆኗ ይገባችኋል፦

ዘ ባስ ዊል ካም ኤንድ ቴክ አስ ሆም ቱናይት

በፊደል ከቆጠራችሁ 20 ነው። በክፍለ ቃል 10። ግን መሃል ላይ የሚቆም ነገር የለም። ሁለት ሁለት እየሆነ ነው የሚሄደው፦ ቀላል ከባድ፣ ቀላል ከባድ። ባስ፣ ካም፣ ቴክ፣ ሆም፣ ናይት። አምስት ከባድ። አያምብ የሚባለው አንዱ ቀላልና ከባድ ጥንድ ነው። ፔንታ አምስት ነው። ይህን በወረቀት ላይ አውቀው ነበር። ጆሮዬ ግን አልሰማም አለኝ።

የሰማሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መብራት ጠፍቷል። ሃንድአውቴን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ከታች ኮሚናሉ ጋ ጎረቤታችን እማማ ቡና ይወቅጣሉ። ዘነዘናው ሲነሳ ምንም አይሰማም፣ ሲወርድ ዱም ይላል። ይነሳል፣ ዱም። ይነሳል፣ ዱም። ከንፈሬ ሳላስበው «ዘ ባስ ዊል ካም» ማለት ጀመረ። ወረድኩ።

«እማማ፣ እስኪ ትንሽ ይቀጥሉ።»

«ደቋል እኮ ልጄ።»

«ግድ የለም፣ ይቀጥሉልኝ።»

«ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

«ፈተና ነው እማማ።»

«ታዲያ የሚፈትኑሽ ቡና ወቀጣ ነው?»

ሳቁና ቀጠሉልኝ። እሳቸው ይወቅጣሉ፣ እኔ እላለሁ። አምስት ምት፣ አንድ ስንኝ። ከዚያ ዘነዘናውን ተቀብዬ ራሴ ወቀጥኩ። በክንዴ ነው የገባኝ ብል አላጋነንኩም። ከባዱ ላይ ክንድ ይወርዳል፣ ቀላሉ ላይ ይነሳል፤ በግድ ልታዛቡት ብትፈልጉ እንኳ ዘነዘናው እምቢ ይላል። የዚያን ዕለት የተጠጣው ቡና ዱቄት ሆኖ ሲኒ ሥር ተጋግሮ ነበር፤ ማንም አልተናገረኝም።

አያምብን የመሰለ የቀላልና ከባድ ጥምር እግር ይባላል። የቀሩት የእግር ዓይነቶች ከዚያ በኋላ ቀለሉኝ። ትሮኪ የአያምብ ግልባጭ ነው፣ ከባዱ ይቀድማል፦ ቴብል፣ ጋርደን። አናፔስት ሁለት ቀላል ካሳለፈ በኋላ ከባዱን ይጥላል፦ አንደርስታንድ። ዳክቲል ከከባድ ይጀምርና ሁለት ቀላል ያስከትላል፦ ኤሌፋንት። ትራይ ሦስት፣ ቴትራ አራት፣ ፔንታ አምስት፣ ሄክሳ ስድስት። አዎ፣ ይቺን ሸምድዷት። ሹምደዳን ሳወግዝ እንደነበር አልረሳሁም።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። እሁድ እሁድ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ካፌ ተገናኝተን እናጠናለን። ሚተሩን በጭብጨባ ላሳያቸው ብዬ አጨበጨብኩ። አስተናጋጁ መጣ። ይቅርታ ጠይቄ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመርኩ። እንደገና መጣ። ሦስተኛው ላይ ማኪያቶ አዘዝን፤ ሰው እስከ መቼ ይመላለሳል? ፈተና ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭብጨባም ጠረጴዛ መምታትም የለም። አሁን የምለማመደው በጫማዬ ውስጥ በአውራ ጣቴ ነው። አይታይም፣ አይሰማም፣ ይሠራል።

ስለ ሌላው ሥነ ጽሑፍ ብዙ የምለው የለኝም። ሶኔት 14 ስንኝ ነው። የጣሊያኑ 8 እና 6 ተብሎ ይከፈላል፤ የእንግሊዙ ሦስት ባለ አራትና መዝጊያ ሁለት። ዘይቤዎቹን በተመለከተ አማርኛችሁን አትጣሉ። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ፤ እነዚህን ሁሉ ልጅ ሆነን ተምረናቸዋል። እንግሊዝኛውን ስም እዚያው ላይ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረን። እኔን ያስቸገሩኝ ሜቶኒሚና ሲኔክዶኪ ነበሩ። «አራት ኪሎ ወሰነ» ካልን ቦታው መንግሥትን ተክቷል፤ ይህ ሜቶኒሚ ነው። «ስድስት ነፍስ አስተዳድራለሁ» ካልን ደግሞ የሰው አንዱ ክፍል ሰውየውን በሙሉ ተክቷል፤ ይህ ሲኔክዶኪ ነው። ከሃንድአውቱ ምሳሌዎች አንዱም አልገባኝም ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ገቡኝ።

ስለ ልብ ወለድ ምክር አትጠይቁኝ። በኮርሱ ጊዜ አንብቡ ከተባልነው ውስጥ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ሁለት ብቻ ነው። የቀረውን በማጠቃለያ አለፍኩት። አሁን «ተራኪው የሚታመን ነው ወይስ አይደለም» ሲሉኝ ማጠቃለያው አይመልስልኝም፤ ማጠቃለያ ተራኪ የለውማ። የሥነ ጽሑፍ ኂስ ንድፈ ሐሳቦችም እስካሁን እንደተምታቱብኝ ናቸው። ፎርማሊዝምና ስትራክቸራሊዝምን የሚለይልኝ የቡና ዓይነት ካለ ንገሩኝ፣ እወቅጣለሁ።

እንቅልፍ ተኙ ይባላል፤ እኔም ለጓደኞቼ እላለሁ። እኔ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የምነሳው። ዲሲፕሊን ስላለኝ አይደለም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ጄሪካኑ እስኪሞላ አምስት ጥያቄ ይሠራል።

አሁን ወደ ትናንቱ ልመለስ። ያልመለስኩት አሥረኛው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስንኙ አያምቢክ ፔንታሚተር ነው፤ መልሱም ያንን ነው የሚለው። የመጀመሪያው እግር ግን ተገልብጦ በከባድ ነው የጀመረው። እኔ «ትሮኪ!» ብዬ ዘልዬ መረጥኩ። እንዲህ ያለው ግልባጭ እንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ የተለመደ ነው ለካ። ለመለማመጃ አንድ ሠራሁ፤ መንገድ ዳር ብቻውን ስለሚጠብቅ ሰው ነው፦

ዌይቲንግ አሎን ቢሳይድ ዘ ደስቲ ሮድ

«ዌይ» ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ሁለት ቀላል፣ ከዚያ ወደ ተለመደው ይመለሳል። በወረቀት ላይ ይታየኛል። ጆሮዬ ግን አሁንም ትሮኪ ነው ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ስወጣ እማማን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ቡና ሲወቅጡ መጀመሪያ ዘነዘናውን ያነሳሉ ወይስ ይጥላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደ ድሮው አሞሻል ወይ አላሉኝም፤ ለምደውኛል።

«ያልደቀቀው ቡና እኮ እየዘለለ ይወጣል» አሉኝ። «መጀመሪያ ከላይ ጫን ታደርጊዋለሽ። ሰበር ሰበር ሲልልሽ ነው ማንሳት የምትጀምሪው።»

ዛሬ ማታ ከሥራ እንደተመለስኩ፣ ታክሲ ካገኘሁ፣ ሄጄ ያንን መጀመሪያውን ጫና እሰማዋለሁ። ቡናውን እኔ ገዝቻለሁ።